«ደረሰ» የሚለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ቀናተኛ ነበረ። ደምለው ይባላል። ሀብታም ነው፤ ሁለት ጥማድ በሬ፣ የማይጎድል ጎተራ፣ ደህና ሚስት አለው። ማሳው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ውሃው ከምንጩ ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የሱን ማሳ ነው። ይሄ ሁሉ እያለው ይቀናል። የሚቀናው ደግሞ በሌላ ሀብታም እንዳይመስልህ፤ ጉልበቱን በሚያመው በአንድ ድሃ ሽማግሌ ነው። ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ አትቁነጥነጥ። ደግ ሰው ከተገኘ ሕግ ለምን ያስፈልጋል ነው ያልከኝ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የአገሩን ሥርዓት ልንገርህ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባህም።

አገሩ ቆላ ነው፤ ዝናቡ አይታመንም። ሰው የሚኖረው ከአንዲት ምንጭ በሚወጣ ውሃ ነው። ውሃው በአንድ ቦይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ሠላሳ ማሳ አለ። ሁሉም ተራው ሲደርስ የማሳውን አፍ ይከፍታል፣ ያጠጣል፣ ከዚያ በጭቃና በሣር መልሶ ይደፍናል። ዙሩ ከላይ ከራስ ይጀምርና ታች ጭራው ላይ ያልቃል። ታዲያ የውሃ አባት የሚባል ዳኛ አላቸው፤ ተራ የሚያስጠብቅ፣ ውሃ የሰረቀውን የሚቀጣ እሱ ነው። ይህን ዳኛ እንዴት የሚመርጡት ይመስልሃል? አይመርጡትም። ደግ ነው ወይ፣ ጨዋ ነው ወይ፣ ንግግር ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመጨረሻውን ማሳ የያዘ ሰው፣ እሱ የውሃ አባት ነው፤ አለቀ።

ሌላም አለ። ውሃው የመጨረሻው ማሳ ገብቶ መሬቱ ሲጠግብ፣ የውሃ አባቱ ድንጋይ ላይ ይቆምና «ደረሰ» ይላል። ሰውም ካለበት ሆኖ «ይድረስ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቃል ሳይሰማ ሁለተኛ ዙር አይጀመርም። ላይኛው ሰው ማሳው ቢሰነጠቅ፣ ቃሪያው ቢጠወልግ፣ ከታች ደረሰ ካልተባለ ውሃ መንካት አይችልም።

በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ማሳ የአባ ሽባባው ነበረ። አባ ሽባባው ደግ ናቸው፤ ደግ ስልህ ለወሬ አይደለም፣ የእውነት ደግ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ውሃ ሲያካፍሉ አንድ ሰው አልተቀየማቸውም። ሲያልፉ የተቀመጠ ይነሣላቸዋል፤ የሚጨቃጨቅ እሳቸውን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደምለው ይህን ሲያይ አንጀቱ ያርራል። እኔ ሳልፍ የሚነሣልኝ ውሻ ብቻ ነው እያለ ለሚስቱ ለየሻረግ ያማርራል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ያ ቃል ነበር። እሱ እላይ ቁጭ ብሎ፣ ያ የደከመ ድምፅ ከታች «ደረሰ» ሲልና አገሩ በሙሉ ሲመልስለት፣ ጆሮውን በመዳፉ ይደፍናል። ብቻውን ሲሆን ቃሉን ይለማመደው ነበር። አንድ ቀን በሬ እየነዳ «ደረሰ» ሲል የሻረግ እንግዳ የመጣ መስሏት ጎንበስ ቀና እያለች ከቤት ወጣች። ማን ነው የደረሰው ብትለው አፍሮ በሬውን መታው።

በቅናቱ ላይ ደግሞ ሌብነት ነበረበት። ከማሳው ጥግ፣ ከቦዩ ግርጌ፣ አንድ የፍልፈል ጉድጓድ አለ። ደምለው በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከድነዋል፤ ተራው ሳይሆን ውሃ ሲያምረው ድንጋዩን ፈቀቅ ያደርጋል። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ከመሬት ሥር ወደ ማሳው ይገባል። አባ ሽባባው ውሃው ሲያንስባቸው ያን የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ዳገቱን ይወጡና አፉን ሁሉ ይፈትሻሉ። ጉድጓዱን ግን አላገኙትም። ይቅር ብለው፣ ምናልባት ፀሐዩ ጠጥቶት ይሆናል ብለው ይመለሳሉ። ደምለው ቆሞ ያያቸዋል። አዘነላቸው መሰለህ? ውሃቸውን እየሰረቀ በትዕግሥታቸው ይቀና ነበር።

አንድ ቀን ወደ አባ ሽባባው ቤት ሄደና ማሳ እንለዋወጥ አላቸው። ጉልበትዎ ደክሟል፣ የኔ ማሳ ከደጃፍዎ ነው፣ ቁልቁለቱን እኔ እወርድልዎታለሁ እያለ አባበላቸው። የሚያየው ሰው ለሽማግሌ ያዘነ ይመስለዋል። አባ ሽባባው ሁለት ቀን አሰቡበት፤ ጉልበታቸው እውነትም አስቸግሯቸው ነበርና እሺ አሉ። የሻረግ ስትሰማ ራሷን ያዘች። ያን የመሰለ ጥቁር አፈር ሰጥቶ ጠጠር የሚቀበል ሰው ጤነኛ አይደለም አለችው። ምን ልናገኝበት ነው ብላ ወጥራ ጠየቀችው። ደረሰ ለማለት ነው ይበላት? ማሳውን ከማስረከቡ በፊት ግን የፍልፈሉን ጉድጓድ በዚያው ድንጋይ ከደነና በጭቃ ለሰነው፤ ለደግነት አይደለም፣ የድሮ ሌብነቱ እንዳይታወቅበት ነው።

እንዲህ አድርጎ ደምለው የውሃ አባት ሆነ። የመጀመሪያው ዙር አልቆ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ «ደረሰ» ሲል፣ ሰውም «ይድረስ» ሲለው፣ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ደስታው ግን አንድ ሳምንት አልቆየም። አዲሱ ማሳው ጠጠር ነው፤ ውሃ ቶሎ ይጠማዋል። ውሃው ደግሞ እሱ ጋ የሚደርሰው ሃያ ዘጠኝ ሰው አልፎ ነው። ሃያ ዘጠኙም የሱን ሽንኩርት ውሃ የሚጠጡበት መሰለው። ያ ቅናቱ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን በሁሉም ላይ ነው። ሰማይ ሲገላለጥ ተነሥቶ ከጭራ እስከ ራስ ይወጣል፣ እያንዳንዱን አፍ በጣቱ ይነካል፣ ጭቃው ከረጠበ ማን ነካው ብሎ ይጮኻል። ሌባ ስለነበረ የሌባውን ዘዴ ሁሉ ያውቃል። ማንም አላሞኘውም።

ምን ሆነ መሰለህ? ውሃው እንደዚያ ጊዜ በደንብ ተዳርሶ አያውቅም። በአባ ሽባባው ጊዜ ግማሽ ማሳቸው የሚደርቅባቸው የታች ሰዎች ሙሉ ማሳ አጠጡ። ሰውም እየመረረው፣ ደምለው ክፉ ነው፣ ውሃው ግን ይደርሳል ማለት ጀመረ። ይነሡለታል ወይ? አይነሡለትም። አባ ሽባባው በምርኩዝ ብቅ ሲሉ ግን እንደ ድሮው ብድግ ይላሉ። ደምለው ቃሉን ወሰደ፣ ማሳውን ወሰደ፤ ያችን ብድግ ማለት ግን ሊወስዳት አልቻለም። የሻረግ እንደምትለው፣ እንቅልፍ የነሳችው ያችው ብድግ ማለት ነበረች።

በሦስተኛው ዓመት ድርቅ ሆነ። ምንጩ ቀጠነ። የደምለው ተራ ሲደርስ በቦዩ የመጣለት ውሃ እግር አያረጥብም። ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። የሻረግ ማሳው ዳር ቆማ፣ ዘንድሮ ይህ ከጠፋ ለልጆቼ ምን አበላለሁ አለችው። ደምለው ሽቅብ ወጣ። ሃያ ስምንቱን አፍ አንድ በአንድ ነካ፤ ሁሉም ደርቆ ተደፍኗል። የቀረው የራሱ የድሮ ማሳ ነው። ያም አፉ ተደፍኗል። ሊመለስ ሲል ግን ከማሳው ጥግ ያለው ባቄላ ለምልሞ አየው፤ የሌላው ባቄላ ጠውልጓል። ሲረግጠው እግሩ ሰመጠ። ጎንበስ አለና ሣሩን ገለጠ። ድንጋዩ ፈቀቅ ብሏል።

እዚያው ተቀመጠ። ተናደደ እንዳትል፤ እልል ማለት ነው የቃጣው። አባ ሽባባው ሰርቀዋል። ሰው ሁሉ የሚነሣላቸው አባ ሽባባው። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቃት ቀን መጣችለት።

አገሩን አውድማ ላይ ሰበሰበና ያየውን ተናገረ። ማን ይመነው? ሰዉ አጉረመረመ። የማሳ ጎረቤቱ የሆነች አንዲት ባልቴት፣ እሳቸው ሰረቁ ከምትለኝ ውሃው ሽቅብ ፈሰሰ ብትለኝ አምንሃለሁ አለችው። ፍልፈል ነው የገፋው ያለም አለ። አንድ ገበሬ ግን ጠየቀው።

«ጉድጓዱ ከመሬት ሥር ነው። ድንጋዩ በሣር ተሸፍኗል። አንተ እንዴት አወቅኸው?»

ደምለው ካልመለሰ ስም አጥፊ ተብሎ ይቀራል፤ ሽማግሌውም ነፃ ይወጣሉ፣ ውሃውም አይደርስም። ከመለሰ ደግሞ አብሮ ይዋረዳል፤ ሚስቱም ቆማ እየሰማች ነው። ቀና ብሎ አባ ሽባባውን አያቸው። ሌባ ተብለው በተከሰሱበት ሸንጎ እንኳ ሰው አጎዛ አንጥፎላቸው ተቀምጠዋል። እሱ የውሃ አባቱ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እቺ አጎዛ ጨረሰችው።

«አውቀዋለሁ» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት በሱ ውሃ ስሰርቅ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

የሻረግ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አየህ፣ የቀናበትን ሰው ለመጣል ራሱን አብሮ ጣለ፤ ቅናት እስከዚህ ያደርሳል። ከዚያ አባ ሽባባው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከአጎዛው ላይ ተነሡ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ማሳውን ስቆፍር አገኘሁት፤ መልሼ ደፈንኩት። ዘንድሮ ባቄላዬ ሲደርቅ፣ ውሃው ደግሞ ከጆሮዬ ሥር ሲፈስ ሰማሁ። ለአንድ ቀን ብዬ ከፈትኩት። አንድ ቀን ሆኖ አልቀረም። ታች ሳለሁ የሚጠብቀኝ ልቤ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚጠብቀኝ ማሳዬ ኖሯል።»

ያለቀሰም ነበረ። ይቅር እንበላቸው፣ ባለውለታችን ናቸው ብለው የለመኑም ብዙ ናቸው። ሥርዓቱ ግን ውሃ የሰረቀ አንድ ዙር ይዝለል ይላል፤ ሽማግሌ ከሆነ፣ የውሃ አባት ከሆነ አይልም። አባ ሽባባው ራሳቸው ይፈጸም አሉ። ደምለውም በሳቸውም በራሱም ላይ ፈረደ።

በሚቀጥለው ዙር የአባ ሽባባው አፍ ተደፈነ፤ ጉድጓዱም ሰው ሁሉ እያየ ተሞላ። ቀጭን ነው እንጂ ውሃው ሳይጎድል ወረደ። ከመጨረሻው ማሳ ደረሰ። የደምለው ሽንኩርት እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል፤ የሻረግም ቆማ ታያለች። ደምለው መሬቱ ሳይጠጣ ድንጋዩ ላይ ወጣና «ደረሰ» አለ። ሰውም «ይድረስ» አለው። ከዚያ ወርዶ የራሱን ማሳ አፍ በገዛ እጁ ደፈነ፤ ተራውን ለጎረቤቱ ለባልቴቲቱ ለቀቀላት። ሽንኩርቱ በሦስተኛው ቀን አለቀለት።

ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲመለስ በአውድማው በኩል አለፈ። ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሲያዩት ብድግ አሉ። ልቡ ዘለለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኛት የኖረች ነገር መጣች። ዞር ቢል አባ ሽባባው በምርኩዝ ከኋላው ይመጣሉ። እዚያው ቆሞ ቀናባቸው። በማግሥቱ ሰማይ ሲገላለጥ ግን እንደ ልማዱ ቦዩ ላይ ነበር፤ አፉን ሁሉ በጣቱ እየነካ ሽቅብ ወጣ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። የሰባቱ መንደር ሰዎች ዳኛ ሊያደርጉኝ ፈልገው ደንብ እንድትጽፍ አንተን ላኩህ። አንተ ደግሞ ብዕርህን አስቀምጠህ፣ አባቴ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ካለን ዳኛውን የሚያስር አንቀጽ ለምን እንጽፋለን አልከኝ። ስላከበርከኝ እግዜር ያክብርህ። ግን ሰማህ? ደጉ ሰው ሰረቀ፤ ቀናተኛው ጠበቀ። የሁለቱም ልብ ያው የድሮው ልብ ነው። የተለወጠው ማሳቸው ብቻ ነው። አንተ ሰውየው ማን ይሁን ብለህ ትጨነቃለህ፤ እነዚያ ሰዎች የሚጠይቁት ማሳው የት ነው ብለው ነው። ያንተ ደንብ ያ ማሳ ነው። ዳኛውን ከጭራው አስቀምጠው፤ ሌላው ሳይጠጣ እንዳይጠጣ፣ በሌላው ላይ የሚፈርደው በሱም ላይ እንዲፈረድበት አድርገህ ጻፍ። ያኔ ደግ ቢመጣ ደግነቱ ይጠበቅለታል፤ እንደ ደምለው ያለ ቢመጣም ቅናቱ ይሠራልሃል።

ደግ ነዎት አልከኝ። እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ ልጄ። ውሃው ከጆሮዬ ሥር ሲፈስ ምን እንደማደርግ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ሂድና ያን አንቀጽ ጻፈው። ስትጽፈው ሌባ አታስብ፤ እኔን እያሰብክ ጻፈው።