ዳማ አልሄድ ያለች ዕለት

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የመኪና በረት» በሉኝ፤ ዛሬ ላም የለችም፣ ያለችው ዳማ ናት። ዳማ የጥጋቡ መኪና ናት። ቀለሟ ዳማ ስለሆነ እንደ ፈረስ ስም አወጣላት። ናፍጣ ትጠጣለች፣ ጭስ ትተፋለች፣ ከባለቤቷ ጋር አብራ አርጅታለች።

የጥጋቡ ሚስት ብርቅነሽ ያን ቀን የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የእህቷ ልጅ ስመኝ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ብርቅነሽ ክርስትና ልታነሳት ነው። ብርቅነሽ የራሷ ልጅ የላትም። የሰው ልጅ ታቅፋ፣ ስማ፣ መልሳ ስትሰጥ ነው የኖረችው። «እትዬ፣ የምታነሻት አንቺ ነሽ» ሲሏት ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከዳገቱ ወዲያ ነው፤ በእግር ከተሄደ ቅዳሴው አልቆ ሰው ተበትኖ ነው የሚደረሰው።

በማለዳ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከጥጋቡ ጎን ተቀመጠች፤ የሕፃኗን ልብስ የያዘው ሻንጣ ከማታ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ነው። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ጥጋቡ የሞተሩን ማሞቂያ አብርቶ ጠበቀና ቁልፉን አዞረ። ዳማ ሳለች፣ አስነጠሰች፣ ተነሳች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ግን ተንገጫገጨችና ፀጥ አለች።

«ምን ሆነች?» አለች ብርቅነሽ።

«ባትሪው ደህና ነው፣ ማስነሻው ሞተሪኖም በደንብ ያዞራል። እስቲ ሞተሩን ልጠይቀው» አለና ኮፈኑን ከፈተ።

ሞተሩም፣ «እኔን ምን አርግ ትለኛለህ? ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ካላጠጣኝ አልነሳም» አለ። ሞተሩ አልነሳ፣ ዳማ አልሄድ፣ ብርቅነሽም ክርስትና ሳታነሳ መንገድ ላይ ቀረች።

ጥጋቡ ወደ ፖምፓው ዞረ። ብሎኑን ላላ ቢያደርገው ናፍጣው ጠብ አይልም። ፖምፓውም፣ «የሌለኝን ከየት ላምጣ? ማጣሪያው ፊልትሮ ካላሳለፈልኝ አላጠጣም» አለ። ፖምፓው አላጠጣ፣ ሞተሩ አልነሳ፣ ዳማ አልሄድ፣ ብርቅነሽም ክርስትና ሳታነሳ መንገድ ላይ ቀረች።

«ነግሬሃለሁ፣ ይቺን መኪና ሽጣት ብዬ» አለች ብርቅነሽ።

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አለ ጥጋቡ። ለክፉ ቀን ብሎ ከወንበር ስር የሸሸገው አዲስ ፊልትሮ ነበረው። አሮጌውን ፈትቶ ገደል ወረወረው፣ አዲሱን ገጠመ፣ አየሩን አስወጣ፣ ቁልፉን አዞረ። ዳማ ተነሳች። ጥጋቡ እያፏጨ ነዳ፣ ብርቅነሽም ነጠላዋን አስተካከለች። ድልድዩን እንደተሻገሩ ዳማ ተንገጫግጫ ቆመች።

አዲሱ ፊልትሮ ተቆጣ። «ገና ከመምጣቴ ነው ስሜን የምታጠፋው? ቱቦው ካላመጣልኝ አላሳልፍም» አለ። ፊልትሮው አላሳልፍ፣ ፖምፓው አላጠጣ፣ ሞተሩ አልነሳ፣ ዳማ አልሄድ፣ ብርቅነሽም ክርስትና ሳታነሳ መንገድ ላይ ቀረች።

ስልኳ ጠራ። ስመኝ ናት።

«እትዬ፣ የት ደረሳችሁ? ቄሱ እየጠየቁ ነው።»

«ድልድዩ ጋ ነን የኔ ልጅ። መጣሁ በያቸው።»

«ቶሎ በይ እንጂ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩሰው ‹እሷ ከቀረች እኔ አነሳታለሁ› ብላ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች።»

ብርቅነሽ ስልኩን ዘግታ የሕፃኗን ልብስ ሻንጣ እቅፍ አደረገች። ጥጋቡ ፊቷን አየና የክት ኮቱን እንደለበሰ ዳማ ሆድ ስር ገባ። ቱቦውን በእጁ ዳሰሰው፤ አልተቀደደም፣ ግን እንደ ተራበ ሰው ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ቱቦውም፣ «ስስብ ስስብ ጉንጬ አለቀ፤ ታንኩ ካልሰጠኝ አላመጣም» አለ። ቱቦው አላመጣ፣ ፊልትሮው አላሳልፍ፣ ፖምፓው አላጠጣ፣ ሞተሩ አልነሳ፣ ዳማ አልሄድ፣ ብርቅነሽም ክርስትና ሳታነሳ መንገድ ላይ ቀረች።

ጥጋቡ ታንኩን በጡጫ ነካ ነካ አደረገው። ሙሉ ነው፤ ትናንት ነው ያስሞላው። ታንኩም በታፈነ ድምፅ፣ «መስጠቱን መች ጠላሁ? ክዳኑ ካላስተነፈሰኝ አልሰጥም» አለ። ታንኩ አልሰጥ፣ ቱቦው አላመጣ፣ ፊልትሮው አላሳልፍ፣ ፖምፓው አላጠጣ፣ ሞተሩ አልነሳ፣ ዳማ አልሄድ፣ ብርቅነሽም ክርስትና ሳታነሳ መንገድ ላይ ቀረች።

ጥጋቡ ክዳኑን ሲያዞረው ታንኩ «ፉሽሽ» ብሎ ትንፋሹን ሳበ። ክዳኑ መሐል አየር የሚገባባት የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዛሬ ቢጫ ነገር ደፍኗታል። ጥጋቡ አሸተተው።

«ጧፍ ነው እኮ። መኪናዬ ላይ ጧፍ ማን ለጠፈ?»

ብርቅነሽ ወደ ተራራው ማየት ጀመረች። ትናንት ማታ ሻንጣውን መኪናው ውስጥ ስታስገባ ናፍጣው ሸተታት። የሕፃኗ ልብስ እንዳይበላሽ ብላ ሽታው የሚወጣባትን ቀዳዳ ፈልጋ አገኘች። ለቤተ ክርስቲያን ከገዛችው ጧፍ ቆንጠር አድርጋ፣ በጣቷ አለስልሳ ደፈነቻት። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ክፉ አይሠራም ብላ ደግሞ ደስ ብሏት ተኛች።

«ሽታው ነው…» አለች ቀስ ብላ።

ጥጋቡ አፈጠጠባት፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ብርቄ፣ የሰው ስም አስጠፋሽኝ እኮ። ያ ምስኪን ፊልትሮ ምን አጥፍቶ ነው ገደል የገባው?»

የጧፉ ሰምም ከቀዳዳው ውስጥ፣ «የወተፈችኝ ራሷ ካላወጣችኝ አልወጣም» አለ። ብርቅነሽ ከነጠላዋ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቀለች። ሰሙን ወጋችው፣ ሰሙ ወጣ፣ ክዳኑ አስተነፈሰ፣ ታንኩ ሰጠ፣ ቱቦው አመጣ፣ ፊልትሮው አሳለፈ፣ ፖምፓው አጠጣ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ዳማም ዳገቱን እያጓራች ወጣችው።

ቄሱ «ክርስትና እናቷ ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ጥሩሰው አንድ እግሯን አንስታ ነበር። ከደጅ ትልቅ የመኪና ሳል ተሰማ።

«እኔ ነኝ አባቴ» አለች ብርቅነሽ እያለከለከች።

ቄሱ አፍንጫቸውን አሻሹ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ናፍጣ ነው አባቴ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«በይ ተቀበያት» አሏት እየሳቁ።

ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ወለተ ሐና ተብላ ሰጧት። ሕፃኗ ሜሮን ሜሮን ትሸታለች፣ ብርቅነሽ ናፍጣ ናፍጣ። የታቀፈቻት ልጅ ዛሬ የሷም ሆናለችና እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ነጩ ልብስ ናፍጣ እንዳይሸት ብላ እጇን ለመሸሸግ ሞከረች። ሕፃኗ ግን ያንኑ ናፍጣ የነካ ጣት ጨብጣ አልለቅ አለች።

ተረቴን መልሱ፣ የናፍጣ እጄን አብሱ።