ጋሽ ሸዋንግዛው ባሕር የወረዱ ዕለት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሰርግ ቤት ሄዶ የሌላ ሰው ሕፃን ታቅፎ ሲያባብል ሳይጨፍር የሚመለስ ሰው ከታየ፣ የምትጣልበት አንዲት አባባል አለች። ሰዉ ይላታል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባባል እንደ ድመት ነው፤ ገብቶ ከተኛ የቤቱ ነው። ይህችኛዋ ግን ባለቤት አላት። ባለቤቷም ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው።

ጋሽ ሸዋንግዛው ባቡሩ ገና ወደ ጅቡቲ በሚመላለስበት ዘመን የጣቢያው ዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው ሻንጣውን እሳቸው ዘንድ ያሳድራል፤ ከባሕር የመጣም ሰው ሻንጣውን ከእሳቸው እጅ ይረከባል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ከረጢት አልጠፋችባቸውም። ባሕሩን ግን አላዩትም። "ዘንድሮ እሄዳለሁ" ሲሉ ተረኛው ይታመማል። "ለከርሞ" ሲሉ አለቃቸው "አንተ ከሌለህ ማንን አምናለሁ?" ይላቸዋል። ሰውየው ማመስገኑ ነበር። ጋሽ ሸዋንግዛውም አመስግነው ይቀመጣሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ደግሞ የባሕር ልጅ ነበሩ። አባታቸው ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠሩ ስለነበር እዚያው ተወልደው፣ እስኪያገቡ ድረስ እዚያው አደጉ። ባልና ሚስቱ በትዳር ዘመናቸው ያልተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"የባሕር ውሃ ሰው ይሸከማል" ይላሉ ሚስት።

"ውሃ የሚሸከመው እንጨት ነው" ይላሉ ባል።

"በጀርባህ ተኛ፣ እጅህን ዘርጋ፣ ሰውነትህን ልቀቀው። አትሰጥምም። ጆሮህ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሰው ወሬ ሁሉ ይቆምልሃል።"

"የሰው ወሬ የሚቆመውማ ሲሰጥሙ ነው።"

"ሂድና እየው እንግዲህ!"

"እሄዳለሁ!"

ክርክሩ ምሳ ሲቀርብ ይነሳል፣ ምሳ ሲነሳ ይተኛል። እንዲህ እንዳለ ወይዘሮ ፈለቀች ታመሙና አረፉ። ጋሽ ሸዋንግዛውም ብዙ ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። ቤቱ ዝም አለ። የሚከራከራቸው ሲያጡ ቀስ በቀስ ወደ ሚስታቸው ወገን ዞሩ። ብቻቸውን ምሳ ሲበሉ ባዶውን ወንበር እያዩ "ይሸከም ይሆናል እኮ" ማለት ጀመሩ። ወንበሩ "አላልኩህም?" አይልም። ያ ነው የከበዳቸው። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆነ፤ በጨው ውሃ ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ፈለቀች ያየችውን ሰማይ ማየት።

የባቡር ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር የባሕር ሽርሽር ያሰናዳው ይኼኔ ነው። በባቡር ጅቡቲ፤ በማግሥቱ ጠዋት በጀልባ ሰው ወደማይኖርባት አንዲት ደሴት፤ ዋና፣ ምሳ በአገሬው ወግ፣ ሲመሽ መልስ። ጋሽ ሸዋንግዛው ቀድመው ተመዘገቡ። ከዚያ ከፊራ ገበያ ወርደው ሰማያዊ ቁምጣ መረጡ። በዚያ ዕድሜ ቁምጣ መግዛት ቀላል አይደለም።

"ለልጅ ልጄ ነው" አሉት ሻጩን።

ሻጩ ወገባቸውን በዓይኑ ለካና "አቦ፣ ልጁ በደንብ በልቷል" አላቸው።

ቁምጣዋን ከሱሪያቸው ሥር ለብሰው፣ ከላይ ኮታቸውን ደርበው ሄዱ።

ጀልባውን የሚነዳው ሑመድ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነበር። አማርኛውን የለቀመው ወደብ ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ለወንዱም ለሴቱም፣ ለትንሹም ለትልቁም "አንተ" ነው የሚለው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ተካልኝ ሊያርመው ሞክሮ ነበር። "እኔ ሊቀመንበር ነኝ" ቢለው "አንተ ሊቀመንበር፣ ቁጭ በል፣ ጀልባው ያጋድላል" አለው። ሰዉ ሳቀ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጫፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወደቡ ወደ ኋላ ሲቀር ውሃው መልኩን ለወጠ። መጀመሪያ የዘይት መልክ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ስም የማያውቁለት ሰማያዊ ሆነ። ታች ያለው ድንጋይና ዓሣ ሁሉ ይታያል። ፈለቀች ይህንን ነግራቸዋለች። ታጋንናለች ብለው ነበር። እንዲያውም አሳንሳ ነው የነገረቻቸው። እጃቸውን ነከሩና ጣታቸውን ቀመሱ።

"ጋሼ፣ ምን እየቀመሱ ነው?" አሉ እትዬ ብርቄ። እትዬ ብርቄ የወይዘሮ ፈለቀች የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ ያንን የምሳ ክርክር ስንት ጊዜ ዳኝተውታል።

"ጨዉን ነዋ።"

"ይበቃል?"

"ለመሸከም ይበቃል" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እትዬ ብርቄ ሰሙ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰብሰብ አደረጉና "እሰይ" ብቻ አሉ።

ደሴቲቱ ነጭ አሸዋና ጥቂት ቁጥቋጦ ናት። ከሸርጣንና ከወፍ በቀር ነፍስ ያለው ነገር አይታይባትም። ጀልባው እንደቆመ ሰዉ ጫማውን እያወለቀ ወረደ። ጋሽ ሸዋንግዛው ኮታቸውን አወለቁ። እጃቸው ወደ ቀበቷቸው ሄደ።

ታዲያ የድሬ ሰው አንድ ልማድ አለው። ውሃ ከመግባቱ በፊት ልብስ ጠባቂ ይሾማል። ይህንን ያስተማረው የከፊራ ገበያ ሌባ ነው። ከፊራ ያደገ ሰው ገነት ቢገባ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

"ልብስ የሚጠብቅ ማነው?" አለ ተካልኝ፣ እንደ ባቡር ፊሽካ በሚሰማ ድምፁ።

ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

"ጋሼ እያሉ ማን ይጠየቃል! አንዲት ከረጢት ያልጠፋችባቸው ሰው!" ተካልኝ ሰዓቱን ፈቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። "አደራ ጋሼ። ያባቴ ነው።"

ከዚያማ ማን ይመልሰው። ሱሪ መጣ፣ ሸሚዝ መጣ፣ መነጽር መጣ። አንድ መካኒክ አፉን በእጁ ሸፍኖ የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልሎ ሰጣቸው። እትዬ ብርቄ በቀሚሳቸው ሊገቡ ነበርና የወርቅ ጉትቻቸውን አወለቁ። "ለርስዎ ካልሆነ ለማን እሰጣለሁ?" አሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸውን ከቀበቷቸው አንስተው ተቀበሉ። ቀና ብለው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። "እኔም እኮ ለመግባት ነበር" ሊሉ ነበር። ምን ይሉኛል የምትለዋ ሐሳብ ቀደመቻቸው። ሽማግሌ በቁምጣ! ደግሞም አምነው ሰጥተዋቸው እንዴት እንቢ ይባላል?

"ግቡ፣ ግቡ። እኔ አለሁ" አሉ።

የሰዉ ጩኸት ከውሃው ላይ ይሰማል። ተካልኝ በጀርባው ተንሳፎ "እዩኝ! እንደ ፍራሽ ነው!" ይላል። ጋሽ ሸዋንግዛው አዩት። የሰውየው ቦርጭ ከነእምብርቱ ከውሃው በላይ ነው። ይሸከማል። ፈለቀች እውነቷን ነበር። ግን ያ የተካልኝ ቦርጭ ነው እንጂ የእሳቸው ጀርባ አይደለም። በሌላ ሰው ቦርጭ ክርክር አይረታም።

ሰዉ ሲወጣ እገባለሁ ብለው ጠበቁ። ሰዉ ሲወጣ ምሳ ደረሰ። ሑመድ ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቆ፣ እንደ መጽሐፍ ከፍቶ፣ ቀይ በርበሬ ቀብቶ ፍም ላይ ጠብሶታል። ሙፎ የሚሉት ወፍራም ቂጣ አብሮ ቀረበ። ሎሚ ተጨመቀበት። ሰዉ በጣቱ እየፈለቀቀ፣ በርበሬው ዓይኑን እያስነባው በላ። ለጋሽ ሸዋንግዛው የዓሣው ራስ ተሰጣቸው፤ ለክብር ነው። የዓሣ ራስ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። አጥንቱን ለቅመው ሳይጨርሱ ሰዉ ሁለተኛ ዙር ሊገባ ተነሳ። ልብሱም ሳይጠየቅ ፊታቸው ተከመረ።

ሑመድ ድስቱን በአሸዋ አጥቦ መጣና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

"አንተ ለምን አትገባም?"

"ልብሱን ማን ይጠብቃል?"

"ከማን?"

ጋሽ ሸዋንግዛው ዙሪያቸውን ቃኙ። አንዲት ሸርጣን የተካልኝን ካልሲ ትመረምር ነበር። ካልሲው አላማራትም መሰለኝ ትታው ሄደች።

"አደራ ነው" አሉ።

"ባሕር የለህም አንተ አገር?"

"የለም። ሚስቴ ግን የዚህ ልጅ ነበረች። በጀርባህ ብትተኛ ይሸከምሃል ትለኝ ነበር። እንቢ ብዬ ተከራከርኳት። አሁን የለችም። አንድ ጊዜ ተኝቼ 'እሺ' ልላት ነበር የመጣሁት።"

 ሑመድ እጅጌያቸውን ይዞ አስነሳቸውና እሳቸው በተቀመጡበት እሱ ተቀመጠ። "እኔ ጠባቂ። አንተ ሂድ" አለ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። በቁምጣ መታየቱን ገና አልለመዱትምና ሱሪውን ማውለቅ ውሃው ዳር ስደርስ ይሁን አሉ። ሞገዱ መጥቶ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዘ። ሞቅ ያለ ነው። ሲመለስ ከተረከዛቸው ሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ሄደ፤ ና የሚል ይመስላል። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ቀበቶው ላይ ነው።

"ጋሼ!" የተካልኝ ድምፅ ነው፣ ከመሃል። "ጋሼ፣ ሰዓቴስ? ለማን ሰጡት?"

ሰው ሁሉ አንገቱን ከውሃው አውጥቶ ወደ እሳቸው አየ። ጋሽ ሸዋንግዛው እንደተያዘ ሌባ ደነገጡ።

"አለሁ! አለሁ! እግሬን ላብርድ ብዬ ነው!" ብለው ተመለሱ።

ሑመድ ከተቀመጠበት አልተነሳም። "እኔ ሌባ ነኝ?" አላቸው።

"ኧረ በአላህ! አንተ ምንም አላጠፋህም። አደራ አይተላለፍም፣ ለዚያ ነው።"

ሑመድ ራሱን ነቀነቀ። ተነስቶ ወደ ጀልባው ሄደ።

የከሰዓቱ ነፋስ ተነሳ። ሑመድ ከጀልባው ላይ እያጨበጨበ ተጣራ፤ ሞገዱ ሳይከብድ መሄድ አለባቸው። ሰዉ እየተንጠባጠበ መጣ። ጋሽ ሸዋንግዛው እያንዳንዱን ዕቃ ለየባለቤቱ አስረከቡ። ጥርሱ ለመካኒኩ፣ ሰዓቱ ለተካልኝ፣ ጉትቻው ለእትዬ ብርቄ። አንድም አልጠፋም። ሰዉ እየተሳሳቀ ወደ ጀልባው ሮጠ። ፊታቸው ያለው አሸዋ ባዶ ሆነ። የሚጠበቅ ነገር የለም። ጋሽ ሸዋንግዛው ቀበቷቸውን ፈቱ።

"ጋሼ!" አለ ተካልኝ ከጀልባው። "ሁሉ ተሳፍሯል እኮ። እንጠብቅዎ እንዴ?"

ክፋት አልነበረውም። ቢሉት ይጠብቅ ነበር። ሰዉም ይጠብቅ ነበር። ግን ያ ሁሉ እርጥብ ሰው በነፋስ እየተንዘፈዘፈ ለእሳቸው ሲል ተቀምጦ ሲያያቸው ታያቸው። ሕይወታቸውን ሁሉ ሰውን ጠብቀዋል፤ ሰው ሲጠብቃቸው ግን ምን እንደሚደረግ አያውቁም።

"የለም፣ የለም! ቀበቶዬ ጠብቆብኝ ነው" አሉና መልሰው አሰሩት።

ጀልባው ዞረ። ሰዉ ደክሞት፣ ጨው ፊቱ ላይ ደርቆ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ወደ ውሃው ስትጠጋ ባሕሩ ያን ስም የሌለውን ሰማያዊ ትቶ መዳብ መሰለ። ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ ኋላ፣ ወደ ደሴቲቱ ነበር የሚያዩት። እየራቀች ሄዳ መስመር አከለች፤ ከዚያ ጠፋች።

እትዬ ብርቄ ፀጉራቸውን እየጨመቁ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

"እንዴት ነው ታዲያ? ፈለቀች እንዳለችው ነው? ይሸከማል?"

"ይሸከማል። እናንተን ሲሸከም አየሁት" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

እትዬ ብርቄ የደረቀውን ኮት አዩ። የደረቀውን ፀጉር አዩ። ቀበቶው ሲታሰር ከሱሪው ወገብ በላይ ብቅ ብላ የቀረችውን የሰማያዊ ቁምጣ ጫፍ አዩ። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጆሯቸው ሄዶ ጉትቻውን ነካ። እኔም አለሁበት፤ አሉ በልባቸው፤ ምኞታቸውን እያወቅሁ ነው የሰጠኋቸው።

"ጀልባውን እናስመልሰው ጋሼ? ሑመድን ልለምነው?"

"ኧረ ተዪ እባክሽ! ሰዉ ምን ይላል?"

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ጋሽ ሸዋንግዛው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ፤ ከዚያ ወደሚጨልመው ውሃ ዞረው፣ ጀልባው ሙሉ ሰው እየሰማቸው፣ "ወይ ጉድ! ይሉኝታ የያዘው፣ ባሕር ወርዶ ልብስ ይጠብቃል" አሉ።