የቤዛ ክንድ ለምን አልተዘረጋም

ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፤ ጉም ደሴን እስከ ጣሪያዋ ውጧታል፣ ካፊያው ከወንፊት እንደሚወርድ ዱቄት በዝምታ ይረግፋል። በእድሩ አዳራሽ ሲስተር ዘምዘም የኩፍኝ ክትባቱን በጠበጠች። ብልቃጡ ለአሥር ልጆች ይበቃል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ግን ዕድሜው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። የምትሻው ነገር ትንሽ ነበር፦ እናቷ እታፈራሁ ያቀፈቻት የዘጠኝ ወሯ ቤዛ ክንዷን እንድትዘረጋ።

የእታፈራሁ ስልክ ጮኸ። አነበበች፤ የሕፃኗንም እጅጌ መልሳ ወደ ታች ሳበች።

«ሲስተር፣ አትቀየሚኝ። ‹ክትባቱ ልጅ ገደለ› ይላል የእድሩ ቴሌግራም። ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማቸው እትዬ ዘሃራ የልጅ ልጃቸውን ካላስከተቡ እኔም አላስከትብም።»

በር ላይ የተሰለፉት እናቶችም ስልካቸውን እያዩ አንድ በአንድ ተበተኑ።

ዘምዘም የበረዶ ሣጥኗን አንጠልጥላ ወደ እትዬ ዘሃራ ሄደች። «እትዬ፣ እርስዎ ካላስከተቡ እታፈራሁ አታስከትብም፤ እታፈራሁ ካላስከተበች የቤዛ ክንድ አይዘረጋም።»

እትዬ ዘሃራ በበሩ ስንጥቅ አጮለቁ። «ያ ሣጥን ከደጄ ይራቅ! ቤት ድረስ እየዞሩ በነጻ እንክተባችሁ እያሉ የሚለምኑን ምን ቢያስቡልን ነው? ጋሽ ይመር መልእክቱን ካልሰረዙ አላስከትብም።»

ጋሽ ይመር የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ የቴሌግራሙም ሥልጣን የእርሳቸው ነው። «ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ካልሰረዙ እትዬ ዘሃራ አያስከትቡም፤ እትዬ ዘሃራ ካላስከተቡ እታፈራሁ አታስከትብም፤ እታፈራሁ ካላስከተበች የቤዛ ክንድ አይዘረጋም።»

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን ወለወሉ። «ልጄ፣ በእድራችን ደንብ መርዶ ያመጣው ሰው ራሱ ቃሉን ካላነሳ አይሰረዝም። ይኸም መርዶ ነው። ያመጣው ፀጉር አስተካካዩ ሰይድ ነው።»

«ማን ሞተ? ማንስ ቀበረው?»

«እሱን ደንቡ አይጠይቅም።»

ዘምዘም ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። «ሰይድ፣ አንተ ቃልህን ካላነሳህ ጋሽ ይመር አይሰርዙም፤ ጋሽ ይመር ካልሰረዙ እትዬ ዘሃራ አያስከትቡም፤ እትዬ ዘሃራ ካላስከተቡ እታፈራሁ አታስከትብም፤ እታፈራሁ ካላስከተበች የቤዛ ክንድ አይዘረጋም።»

ሰይድ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ሳያነሳ ሳቀ። «አንቺ ደሞ! ደመወዝሽን ማን እንደሚከፍል እናውቃለን። እኔ ያየሁት ‹የነቁ ዓይኖች› የሚባል የፌስቡክ ገጽ ላይ ነው። ገጹ ካላጠፋው ቃሌን አላነሳም።»

ዘምዘም ለገጹ ጻፈች። «እናንተ ካላጠፋችሁት ሰይድ ቃሉን አያነሳም፤ ሰይድ ካላነሳ ጋሽ ይመር አይሰርዙም፤ ጋሽ ይመር ካልሰረዙ እትዬ ዘሃራ አያስከትቡም፤ እትዬ ዘሃራ ካላስከተቡ እታፈራሁ አታስከትብም፤ እታፈራሁ ካላስከተበች የቤዛ ክንድ አይዘረጋም።»

መልክም ስምም የሌለው ባለገጽ መለሰ፦ «ማን ልኮሽ ነው? ማስረጃ አለኝ፤ የሞተችው ልጅ እናት በእጇ የጻፈችው ነው። እናቲቱ ካላስተባበለች አላጠፋም።» የጸሐፊዋ ስም የተደለዘበት የጽሑፍ ምስልም አያይዞ ላከ።

ዘምዘም ደክሟት፣ ካፊያው አርሷት ወደ እታፈራሁ ተመለሰች። «እናቲቱ ካላስተባበለች ገጹ አያጠፋም፤ ገጹ ካላጠፋ ሰይድ ቃሉን አያነሳም፤ ሰይድ ካላነሳ ጋሽ ይመር አይሰርዙም፤ ጋሽ ይመር ካልሰረዙ እትዬ ዘሃራ አያስከትቡም፤ እትዬ ዘሃራ ካላስከተቡ አንቺ አታስከትቢም። ይችን እናት ታውቂያታለሽ?»

እታፈራሁ ምስሉን አነበበች፦ ‹ልጄ ከተከተበች ወዲህ እሳት ሆናለች። ምን ላድርግ?›

ፊቷ ተለዋወጠ። «ይኼማ እኔ ነኝ! ቤዛ በሦስት ወር ተኩሏ ስትከተብ የእናቶች ግሩፕ ላይ የጠየቅሁት ነው። ትኩሳቱ እኮ በማግስቱ ለቀቃት። ታዲያ የገደሏት የኔን ልጅ ነው?»

የተገደለችው ቤዛ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ታኝካለች።

ያን ጊዜ እናቲቱ ቤዛን እንዳቀፈች በቪዲዮ አስተባበለች፤ ባለገጹ ይቅርታ ሳይል አጠፋ፤ ሰይድ እያጉረመረመ ቃሉን አነሳ፤ ጋሽ ይመር ሰረዙ፤ እትዬ ዘሃራ መርፌውን ሦስት ጊዜ መርምረው የልጅ ልጃቸውን አስከተቡ፤ እታፈራሁ እጅጌውን ሰበሰበች፤ የቤዛ ክንድም ተዘረጋ።

ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሌሎቹ እናቶች አልተመለሱም። በአሥር ሰዓት የስምንት ልጆች ክትባት ተደፋ።