ሽንኩርት የተጫነበት ክዳን

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይህን ተረት ቀስ ብዬ ነው የማወራው፤ ዘይት እንዳይሰማኝ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን ሩቅያ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራ የምትሠራው ትንሽ ልጇን አዝላ ነው። እህቷ ከዓረብ አገር ዘይት ተሞልቶ የሚጠበስበት የኤሌክትሪክ መጥበሻ ላከችላት። በረመዳን አንድ ቀን ለማፍጠሪያ ሳንቡሳ ልትጠብስ ዘይቱን ሞልታ ሶኬቱን ሰካች። ክዳኑን ግን የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው።

«እመቤቴ፣ ከአጠገብሽ አታርቂኝ» አላት ክዳን።

«ሳንቡሳ ተከድኖ አይጠበስም። አርፈህ ሽንኩርትህን ያዝ» አለችው።

ይህን የሰሙ ዘይትና በሽቦው ውስጥ የተደበቀው እሳት ተንሾካሾኩ።

«እኔ ከዚህ ጉድጓድ መውጣት እፈልጋለሁ» አለ ዘይት።

«እኔ ደግሞ ጣሪያው ላይ» አለ እሳት። «ማን ያወጣናል?»

«ሞኙ ውሃ ነዋ። ስግል እላዬ ላይ ከደፉት ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ቤቱን ሙሉ ይረጨኛል።»

ውሃ ምንም አላወቀም። በጆግ ተቀምጦ፣ «እሳት ሲነሳ እኔን ጥሪኝ» እያለ ጉራውን ይነዛል።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ሩቅያም ሶኬቱን ሳትነቅል የቀረውን ሳንቡሳ ልትጠቀልል ጓዳ ገባች። መብራት ተመልሶ መጣ፤ እሷ አላወቀችም። ዘይት ጋለ። ዘይት ጨሰ። ዘይት ነደደ።

ሩቅያ እየሮጠች መጥታ ጆጉን አነሳች። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ አለቀሰች።

«ድፊ» አለ ዘይት።

«ድፊ» አለ እሳት።

«ድፊኝ፤ እሳት ገዳይ ነኝ» አለ ውሃ።

«እመቤቴ» አለ ክዳን፣ «ያዘልሻትን አስቢ። ሶኬቱን ንቀዪና እኔን ግጠሚ።»

ሩቅያ ጆጉን አስቀመጠች፣ ሶኬቱን ነቀለች፣ ሽንኩርቱን አራግፋ ክዳኑን ከጎን አንሸራትታ ገጠመችው።

«ትንፋሽ አጠረኝ፣ ክፈቺኝ» አለ እሳት። አልከፈተችም።

«ሞቻለሁ፣ መጥተሽ እዪኝ» አለ። አሁንም አልከፈተችም።

«በልጅሽ ይዤሻለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ። አንጀቷ አልቻለም፤ እጇን ዘረጋች።

«እስክቀዘቅዝ አትንኪኝ» አላት ክዳን። እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ወዲያ እሳት አልተናገረም።

አዛን ሲል ሳንቡሳ የለም። ሩቅያ ልጇን ታቅፋ በቴምር አፈጠረች፤ ከዚያው ጆግ ቀድታ ጠጣች።

«ጀግና አይደለሁም ማለት ነው?» አለ ውሃ፣ አፍሮ።

«ነህ እንጂ» አለው ክዳን፣ «ለጥም።»

አያችሁ ልጆች፣ ለእሳት ሁሉ ውሃ አይጠራም፤ በዘይት የመጣ በክዳን ይመለሳል። እኔም ተረቴን ከደንኩት፤ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱት።