የምንተስኖት ማርሚታ

አንድ ሰው ነበረ። የሚኖረው ቢሾፍቱ ነው። አንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ የዶሮ ሐኪም ሆኖ ይሠራል። ትዳር አለው፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። አንዲት ነገር ብቻ አለችበት፤ መኪና ይወዳል። መንዳቱን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድምፁን ነው የሚወደው።

ይህ ሰው ከውጭ የገባች አሮጌ የቤት መኪና ገዛ። በገዛ በወሩ በያጅ ዘንድ ወሰዳትና ማርሚታዋን አስቆረጠ። ማርሚታ የሚሏት ከመኪናው ሥር ወደ ኋላ ያለችው፣ የሞተሩን ጩኸት የምታፍነው ሣጥን ናት። እሷ ስትነሣ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። ጎረቤታችሁ ትዝ ብሏችሁ ነው፤ ወይም ራሳችሁ።

በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ያስነሣታል። የሰፈሩ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ውሾቹ ይጮኻሉ። እሱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ዶሮ እርባታው ጋ ሲደርስ ግን ምን ያደርጋል? ዶሮዎቹ ደንግጠው እንቁላል እንዳያቆሙ ብሎ መኪናዋን ከበሩ ራቅ አድርጎ ያቆምና በእግሩ ይገባል። እስቲ አስቡት። ለዶሮ ይጠነቀቃል። ለጎረቤትስ? ጎረቤት እንቁላል አይጥልማ።

አንድ ቀን እትዬ ወጋየሁ የሚባሉ ጎረቤቱ በራፋቸው ላይ አስቆሙት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ምንተስኖት ልጄ፣ ለራሴ ብዬ አይደለም" አሉት። "ጋሽ ላቀው አሳዝነውኝ ነው። ዓይናቸው አያይም፣ የቀራቸው ጆሮ ነው። እሱንም በመኪናህ ልታሳጣቸው ነው?"

ጋሽ ላቀው ከምንተስኖት ቀጥሎ ባለው ግቢ የሚኖሩ ዓይነ ስውር አዛውንት ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰውን ድምፅ አንድ ጊዜ ከሰሙ አይረሱም ነበር። ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በየማለዳው ግን በትራቸውን ይዘው፣ መንገዱን ተሻግረው ለጸሎት ይሄዳሉ።

ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ልቡ ተነካ። ክፉ ሰው አይደለም አልኳችሁ እኮ። የዚያን ዕለት ምሳውን እንኳ በደንብ አልበላም። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ጌጡ ወደሚባል መካኒክ ወዳጁ ጋራዥ ሄደና የሆነውን ነገረው። ድሮ የነበረችውን ዓይነት ማርሚታ መልስልኝ እንዳይለው ደግሞ ከአፉ አልወጣ አለው።

ጌጡ ገባው። የዚህችው መኪና ውዱ ዓይነት ከፋብሪካ ሲወጣ ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ትንሽ በር የምትከፈትና የምትዘጋ ነገር እንዳለችው አስረዳው። ስትዘጋ ጭሱ በማርሚታ ዞሮ ስለሚወጣ መኪናዋ ዝም ትላለች፤ ስትከፈት ታገሣለች። ነጂው መሪው አጠገብ ባለች ቁልፍ ያዛታል፣ ትንሽ ሞተር ታንቀሳቅሳታለች።

"ለዚችም እንሥራላት" አለው ጌጡ። "ሰፈር ውስጥ ትዘጋታለህ፣ አውራ ጎዳና ስትወጣ ትከፍታታለህ። ግን ሽቦ አንጠልጥዬ አልሰጥህም። ፋብሪካው ቢሠራው በሚሠራው ዓይነት ነው የምሠራው።"

ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ማታ ማታ ጋራዥ ትገባለች፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዷ እያገሣች ትወጣለች። ዕቃው አዲስ አበባ ውስጥ ከተጋጨች የዚያው የውዱ ዓይነት መኪና ላይ ተገኘ። ሲመጣ መያዣው የጣት ያህል አልገጥም አለ፤ ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። እሱ ሲስተካከል ደግሞ የመኪናዋ ኮምፒውተር አዲሱን ዕቃ አላውቀውም ብሎ ቢጫ መብራት አበራ። ጌጡ ሁለት ማታ ሙሉ ሽቦ ለሽቦ ሲከታተል አመሸና መብራቷን አጠፋት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ቀረ። ፋብሪካው ያቺን በር የሠራት ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ራሷ ተከፍታ አንድ ጊዜ እንድታገሣ አድርጎ ነው። ምንተስኖት ሲሰማው ራሱን ያዘ። ዝም እንድትልለት የሚፈልገው በዚያችው ሰዓት ነዋ! ጌጡ እየሳቀ እንደገና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ፤ ተዘግታ እንድትነሣም አደረጋት።

በነጋታው ማለዳ ምንተስኖት መኪናዋን ሲያስነሣ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ቆርቆሮው ዝም፣ ውሾቹ ዝም። ከከተማ ወጥቶ የሞጆን መንገድ ሲይዝ ቁልፏን ተጫነ። መኪናዋ አገሣች። ብቻውን ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ በራሱም ኮራ። ለጎረቤት ብሎ ይህን ሁሉ የደከመ ሰው ማን አለ?

ከዚያ ምስጋና መጠበቅ ጀመረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ማንም ምንም አላለውም። ጋሽ ላቀው ያስጠሩኛል፣ ይመርቁኛል ብሎ ጠበቀ። ጭራሽ ብቅም አላሉ። ሳምንት ሞላው። "ሰው ምስጋና አያውቅም" ብሎ ለሚስቱ ነገራት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ካፊያ ነበረ። የካፊያው ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ምንተስኖት መኪናዋን በዝግታ፣ በዝምታ፣ ወደ ኋላ እያደረገ ከግቢ ወጣ። ድንገት ከኋላ ጎማው ሥር አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማ።

ፍሬን ያዘ። ወርዶ ሮጠ። ጋሽ ላቀው ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ቆመዋል፤ በእጃቸው የያዙት የበትራቸውን ግማሽ ነው። ሌላኛው ግማሽ ጎማው ሥር ነበረ። እሳቸው ምንም አልሆኑም። አንዲት እርምጃ ግን ነበረች የቀረቻቸው።

ምንተስኖት ክንዳቸውን ያዘ። ቀድመው የተናገሩት አዛውንቱ ናቸው።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ምንተስኖት ነኝ።"

ፊታቸው በራ። "ተሻለህ?" አሉት።

ግራ ገባው። ምን ሆኜ ነው የሚሻለኝ ብሎ ጠየቃቸው።

"ታመህ ነዋ። መኪናህ ከወጣች ዘጠኝ ቀኗ። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየጸለይኩልህ ነው። ዛሬስ ብዬ ልጠይቅህ መምጣቴ ነበር።"

ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? እሱ ምስጋና ሲጠብቅ እሳቸው ፈውስ እየለመኑለት ነበር።

ከዚያ ነገሩን አስረዱት። በዚያ ጠባብ መንገድ ሌላ መኪና የለም፤ የምንተስኖት መኪና ብቻ ናት። ጋሽ ላቀው በየማለዳው ከግቢያቸው በር በስተጀርባ ቆመው እሷን ይጠብቃሉ። ስትነሣ ይሰማሉ፣ ስትዞር ይሰማሉ፣ ጥግ ላይ ታጥፋ ስትርቅ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የእሳቸው ነው፤ ሳይፈሩ ይሻገራሉ። ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ግን ዛሬ ትወጣለች፣ ነገ ትወጣለች እያሉ በር ላይ ሲጠብቁ የጸሎቱ ሰዓት ያልፍባቸዋል።

ምንተስኖት ያንን ሁሉ የደከመው ለእሳቸው ብሎ መሆኑን፣ እትዬ ወጋየሁ የነገሩትንም ጭምር ተናገረ። ጋሽ ላቀው አጥሩን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉት፦

"ልጄ፣ ከበርህ እስከ በሬ ሃያ እርምጃ ነው። ለምን መጥተህ አልጠየቅኸኝም?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ለአንድ ሰው ስንት ነገር አደረገለት! በያጅ፣ መካኒክ፣ ኮምፒውተር፣ ሦስት ሳምንት። ሃያ እርምጃ መሄድ ግን አላሰበም። ፍቅሩ ውሸት ነበር? አልነበረም። ልፋቱ ውሸት ነበር? አልነበረም። ግን ሳይጠይቅ ነው የወደዳቸው። ሳይጠይቅ ስለወደዳቸውም መኪናው ሥር ሊከታቸው ምንም አልቀረውም።

ምንተስኖት ያን ቀን ለሥራው ደውሎ እንደሚዘገይ ተናገረ። የጋሽ ላቀውን እጅ ያዘና በመንደሩ ውስጥ ቤት ለቤት ሄዱ። በየበሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ መኪናዬ ምን አድርጋችኋለች?

አንዱ ጎረቤት መኪና እንዳለህም ልብ አላልኩም አለው። ይህቺ መልስ ትንሽ ሳታሳፍረው አልቀረችም። ጥጉ ላይ የምትኖር አራስ ደግሞ፣ ልጇ በሰላም መተኛት የጀመረው ከዘጠኝ ቀን ወዲህ መሆኑን ነገረችውና መረቀችው። ጥሩምባ ብቻ እንዳትነፋ ብላም ለመነችው።

እትዬ ወጋየሁ ዘንድ ሲደርሱ ሴትዮዋ ጋሽ ላቀውን አይተው አቀረቀሩ። እውነቱንም አወጡት። ድምፁ ያን ያህል አላስቸገራቸውም። የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። በክረምት ምንተስኖት በፍጥነት ሲያልፍ ጎማው የመንገዱን ጭቃ ውኃ አንሥቶ፣ አጥራቸው ላይ ባሰጡት አንሶላ ላይ ይረጨዋል። ስለ አንሶላ መናገር አሳፍሯቸው ነው የዓይነ ስውሩን ጆሮ ያነሡት። ምንተስኖት ስለዚያ ጭቃ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

አሁን ምን ይደረግ? አራሷ ዝምታ ትፈልጋለች፤ ጋሽ ላቀው ድምፅ ይፈልጋሉ። ጥሩምባ አይሆንም፤ ልጁን ይቀሰቅሳል። ጋሽ ላቀውም ቢሆኑ ጥሩምባ መኪና መኖሩን እንጂ ወዴት እንደምትሄድ አይነግረኝም አሉ። የሚመራቸው የማይቋረጥ ድምፅ ነው።

ተመልሰው ጌጡ ዘንድ ሄዱ፤ አዛውንቱም አብረው። ጌጡ ሰምቶ ሳቀና፣ ያቺ በር እኮ ግማሽም ትከፈታለች አላቸው። እስከ ጥጉ ድረስ ሩብ ያህል ብቻ ተከፍታ በወፍራሙ እንድታጉረመርም አደረጋት። በማግሥቱ ሞከሩት። ጋሽ ላቀው በራቸው ላይ፣ የምንተስኖት ሚስት አራሷ ቤት፣ ከሕፃኑ አጠገብ። መኪናዋ ተነሣች፣ አለፈች፣ ታጠፈች። ሕፃኑ ተኝቷል። ጋሽ ላቀው በአዲሱ በትራቸው መንገዱን ተሻግረው ለጸሎት ሄዱ። ምንተስኖትም በእትዬ ወጋየሁ አጥር አጠገብ በሰው እርምጃ ነው ያለፈው።

ቅዳሜ ከሰዓት ምንተስኖት፣ "ጋሼ፣ ምን ያስደስትዎታል?" ብሎ ጠየቃቸው። አያችሁ፣ ተምሯል። እሳቸውም ያቺን በር ሙሉ በሙሉ ስትከፈት መስማት እንደሚፈልጉ ነገሩት። የሞጆን መንገድ ይዘው ወጡ። ቁልፏን በገዛ ጣታቸው ተጫኑ። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ በግራ በኩል አንድ ብሎን ልል እንደሆነ ነገሩት። ጌጡ ሲያየው እውነትም ልል ነበር።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ወደ ራሴም።

ጌታችን በመንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጮኸውን ዓይነ ስውር ሲያስጠራው ምን አደረገ? መጀመሪያ ጠየቀው። ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። የዚያ ሰው ችግር ለማን ይጠፋል? ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል። ሁሉን የሚያውቀው ጌታ ግን ሰውዬው በገዛ አፉ እንዲናገር ዕድል ሰጠው። ሁሉን የሚያውቅ ከጠየቀ፣ ምንም የማናውቅ እኛ የማንጠይቀው ለምንድን ነው?

አንተ ወንድሜ፣ ለሚስትህ ስትለፋ ዓመታት አለፉ። ጠይቀሃታል? አንቺ እህቴ፣ ለልጅሽ የትምህርቱን መስክ መረጥሽለት። ጠይቀሽዋል? እናንተ በየሳምንቱ ለችግረኛ ልብስ የምትሰበስቡ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ የሚለብሰውን ሰው ጠይቃችሁታል?

እኔ አልጠየቅሁም ነበር። ከእኛ መካከል እማማ አስካለ የሚባሉ እናት አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፣ ቃሉን አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ እወጣለሁ። ስገባ ደግሞ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ መስኮቱን እዘጋለሁ። ሁላችንም እንዘጋለን፤ የሚገባ ሁሉ ይዘጋል። የምንተስኖትን ታሪክ በሰማሁ ሳምንት ሄጄ፣ "እማማ፣ ምን ላድርግልዎ?" አልኳቸው። ተሳቀቁ። ካልተቀየምክስ አሉኝ። ከዚያ፣ "ያንን መስኮት ክፈትልኝ" አሉ። "ሰው ሲያልፍ ማየት ናፍቆኛል።"

አራት ወር፣ ወገኖቼ። አራት ወር ሙሉ በፍቅር ስንዘጋባቸው ኖረናል።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የምትወዱትን አንድ ሰው ፈልጉ። ስጦታ አትያዙ፣ ምክርም አትያዙ። አጠገቡ ተቀመጡና ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ እባካችሁ፣ እናንተው አትመልሱለት። ዝም በሉ፤ እስኪናገር ጠብቁት።