የቀትር ውሃ

አንድ ጊዜ፣ በጋው በከፋበት ዓመት፣ በቆላ አገር ያለው ውሃ ሁሉ ደርቆ አንድ ኩሬ ብቻ ቀረ። ቀትር ላይ አንበሳ ኩሬው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ስለሚተኛ ማንም ድርሽ አይልም። ሲመሽ ደግሞ አያ ጅቦ ይመጣል። እመት አህያ ውርንጭላዋን ይዛ ትሄድና፣ ገና የጅብ ድምፅ ስትሰማ ሳታጠጣት ትመለሳለች። ልጅቱ በጥም ልታልቅ ደረሰች።

በዚህ መሃል «የውሃ ደንብ ሊወጣ ነው፤ ሁሉም ሐሳቡን ይስጥ» ተባለ። አህያም የምር መስሏት ደስ አላት።

ስብሰባውን የምትመራው በአንበሳ ትራፊ የምትኖረው ቀበሮ ነበረች።

«እኛ አህዮች በቀትር እንጠጣ። ሲመሽ ጅብ አለ፤ ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለች አህያ።

«ድንቅ ሐሳብ! እንደ ግብዓት ተወስዷል። አጨብጭቡላት!»

ተጨበጨበላት። አህያም፣ አይ የዋህነት፣ አብራ አጨበጨበች።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ደንቡ ይኸው ነው፤ ቀትር የጌታችን የእረፍት ሰዓት ስለሆነ ኩሬው ዝግ ነው። አህዮች እንደ ወትሮው ሲመሽ ይጠጣሉ። ለደህንነታቸው ግን ጠባቂ ተመድቦላቸዋል።»

«ማን?»

«እኔ ነኛ!» አለ አያ ጅቦ ለሃጩን እየዋጠ። «ውርንጭላዋን በተለይ ራሴ እጠብቃታለሁ። ለመሆኑ ሥጋ አላት?»

«ኧረ በፈጠራችሁ! እኔ የጠየቅሁት ይህን ነው?»

«ተወያይተንበታል እኮ፣ እመት አህያ። አንቺም አጨብጭበሻል» አለች ቀበሮ።

አህያ አንጀቷ አረረ። ቤቷ ገብታ ለባሏ ብትነግረው «ዝም በይ፣ ጣጣ ታመጪብናለሽ» አላት። የአህያ ባል መቼ ከጅብ ያስጥላል!

በማግስቱ ውርንጭላዋ መቆም አቃታት። አህያ ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አልጠበቀችም። ልጇን እየደገፈች፣ የአካባቢውን አህዮች ሁሉ አስከትላ በጠራራ ፀሐይ ኩሬው ማዶ ቆመችና «አናፉ!» አለች። ገደሉ እስኪያስተጋባ አናፉ።

አንበሳ ከእንቅልፉ ባነነ። ማታ ጎሽ በልቶ ስለጠገበ ተነሥቶ ማሳደዱ ታከተው።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ጠምቶን ነው፣ ጌታዬ። እስክንጠጣ እናናፋለን፤ ነገም በዚሁ ሰዓት እንመጣለን።»

«ታዲያ ጠጡና ሂዱልኝ! በየቀኑም ቀትር ላይ ጠጡ፤ ብቻ ድምፃችሁን አልስማ!»

ደንቡ በአንድ ትንፋሽ ተለወጠ። ለካስ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል! ቀበሮም አፍታ ሳትቆይ «ጌታችን እኮ የሕዝባቸው ጥም አያስችላቸውም» ብላ አወራች። አህያ ግን ልጇን ወደ ውሃው ወሰደቻት።

ከዚህ የምንማረው ደንብ የሚያወጣ ባለ ሥልጣን የሌላው ጥም የሚሰማው የገዛ እንቅልፉ ሲነካ መሆኑን ነው።