የዋንዛው ግንድ እንጉዳይ

በአንድ ወቅት፣ አንበጣ ማሳውን እንደ ተላጨ ራስ አድርጎት በሄደ ማግስት፣ አያ ጥሩነህ የሚባሉ ገበሬ ሦስት ልጆች ትተው ሞቱ። ኑዛዜያቸው አጭር ነበር፤ «ቤቴንና ጓሮዬን አገሬውን ያበላ ይውረሰው።» ማሳው ባዶ ነውና ሰው ሁሉ ሽማግሌው ቃዥተው ሞቱ አለ።

ቤቱ ይበልጥ የሚያስጨንቃት መካከለኛዋ ይታክቱ ነበረች። ሠላሳ ዓመት በሰው አገር የሰው ወጥ ስታማስል ኖራ ባዶ እጇን የተመለሰች ናት፤ ሌላ መግቢያ የላትም።

ታላቂቱ ደብሪቱ በጓሮ የወደቀውን ዋንዛ ለማገዶ አላስነካም አለች። «አባቴ በጥላው አርፎበታል። በክብሩ ይበስብስ።»

«ለግንድ ተዝካር ልታወጪ ነው?» ብለው ጎረቤቶች ሳቁባት። የበጋውን ብርድ ያለ እሳት ገፋችው። ሐምሌ ሲገባ ግንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ እንጉዳይ ለበሰ።

የተራበው ሰው ከቦት ቆመ፤ የሚነካው ግን ጠፋ። በእንጉዳይ ያለቀ ቤተሰብ ሁሉም ያውቃል። ይታክቱ አንዱን ገልብጣ ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደረውን ስስ ገጽ አየች። «የሚመስለውን በሰው አገር ሠርቻለሁ። እሱው ይሁን አይሁን ግን አላውቅም።» በመንደሩ ወግ ጠጅ ቀጂ አስቀድሞ ከመዳፉ ቀምሶ ነው እንግዳ የሚያጠጣው። እሷም ቀቅላ፣ መዳፏ ላይ አድርጋ በላች፤ ከዚያም ሰው ሁሉ በሚያያት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እንኳን እሷ ቀመሰች» አለች አንዲት ጎረቤት፤ «ብትሞት ማን ይጎድልበታል?»

ይታክቱ ሰማች። በማግስቱ ተነሥታ ወደ ሴትዮዋ ደጅ ሄደች። «አልሞትኩልሽም። ድስትሽን አምጪ።» አገሩ በልቶ ዘፈነ።

ታናሹ አንለይ ግን ሰዉ ግንዱን ሊጨርሰው እንደ ሆነ አይቶ በእሾህ አጠረው።

«ስስታም ይሉሃል» አለችው ይታክቱ።

«ይበሉኝ፣ እታለም።» የበሰበሰውን እንጨት እየሸረፈ በየጓሮው ጉቶና ግንድ ውስጥ ሰነቀረ፤ እርጥብ ገለባም አለበሰው። በዓመቱ አንበጣው ተመልሶ ማሳውን በላ። ጓሮው ሁሉ ግን ነጭ ለብሶ ነበር፤ ሕዝቡ አንበጣውን ሳቀበት። በዚያ ዓመት በረሃብ አንድም ሬሳ አልወጣም።

ሽማግሌዎች ለፍርድ ተቀመጡ።

«ባላቆየው ምን ትበሉ ነበር?» አለች ደብሪቱ።

«ባላባዛውስ ስንት ቀን ትበሉ ነበር?» አለ አንለይ።

ይታክቱ ግን መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው።

የጠገበ ዳኛ አይቸኩልምና ሽማግሌዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ። እናንተስ ምን ትፈርዳላችሁ? ቤቱ የሚገባው ላቆየችው ነው፣ ለቀመሰችው ነው፣ ወይስ ላባዛው?